ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ላፕቶፕ

ያገለገለ ነው የገዛሁት። ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ክፍል) ጂቲኤክስ 1650፣ 8 ጊጋ ራም። ሻጩ «የፈለግከውን ጌም ያነሳል» ብሎኝ ነበር። እውነት ለመናገር ጂቲኤ 5ን ቀጥ አድርጎ ያጫውታል። ሳይበርፐንክ 2077 ላይ ግን ጉዱ ወጣ። ጌሙ ቢያንስ 12 ጊጋ ራምና ባለ 6 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ የእኔ ካርድ 4 ብቻ ነው። ሁሉንም ሴቲንግ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩት። መኪና ስነዳ ይንተባተባል፣ ፋኑ ይጮኻል። እናቴ ከኩሽና «ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለችኝ። ከሥሩ ሁለት የሃይላንድ ክዳን ሳስገባ ትንሽ ቀዘቀዘ። መብራት ሲጠፋማ ወሬውም አይነሳ፤ በባትሪ ካርዱ ጉልበቱን ይቀንሳል። ለከባድ ጌም ከሆነ አትግዙት። እኔ 8 ጊጋ ራም ጨምሬበት መንተባተቡ ቀንሷል። ካርዱ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፣ አይቀየርም።