ስሌይ ዘ ስፓየር፦ ካርድ አለመውሰድ የሚያሸንፍበት ጌም

"ምን ጌም ልጀምር?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምጠራለት ስሌይ ዘ ስፓየርን ነው። አዲስ ጌም አይደለም። ሥዕሉ አፍ አያስከፍትም። ታሪክ የሚባል ነገርም እምብዛም የለውም። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው የምመክረው፤ ምክንያቱም በየደቂቃው እውነተኛ ምርጫ ፊቴ እያስቀመጠ፣ የምርጫዬንም ውጤት ሳይደብቅ የሚያሳየኝ ጌም እንደሱ አላየሁም።

ለማታውቁት ባጭሩ። የሠራው ሜጋ ክሪት ነው፤ አንቶኒ ጆቫኔቲ እና ኬሲ ያኖ የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት። ሥራው ሳያልቅ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ለተጫዋች ተለቀቀ፣ ሙሉው በ2019 መጀመሪያ ወጣ። አንድ ገጸ ባሕርይ ትመርጡና ግንብ ትወጣላችሁ። ሦስት ምዕራፍ አለው፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ቦስ፣ ማለትም ዋናው ጠላት፣ ይጠብቃችኋል። የምትዋጉት በካርድ ነው። ከሞታችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ፤ መንገዱም፣ ጠላቶቹም፣ የሚቀርቡላችሁ ካርዶችም ሌላ ሆነው ይጠብቋችኋል።

በእያንዳንዱ ተራ አምስት ካርድ ይደርሳችኋል። ያላችሁ ኢነርጂ ሦስት ነው፣ ካርዶቹ ደግሞ ኢነርጂ ይበላሉ፣ ስለዚህ ሁሉንም መጫወት አይቻልም። እዚህ ድረስ ሌላም የካርድ ጌም ያደርገዋል። ይሄኛው ግን ጠላቱ ቀጥሎ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ከጭንቅላቱ በላይ ያሳያችኋል። ሊመታ ከሆነ በስንት እንደሚመታ ቁጥሩ ተጽፏል። 11 ካለ 11 ነው።

አንድ ውጊያ በደንብ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም የጌሙ ነፍስ እዚህ ጋ ነው። አይረንክላድ በሚባለው ገጸ ባሕርይ ስትጀምሩ ደካችሁ፣ ማለትም የካርድ ክምራችሁ፣ 10 ካርድ ብቻ ነው፦ 5 ስትራይክ፣ 4 ዲፌንድ፣ 1 ባሽ። ስትራይክ በአንድ ኢነርጂ 6 ይመታል። ዲፌንድ በአንድ ኢነርጂ 5 ይከላከላል። ባሽ ሁለት ኢነርጂ ይበላል፣ 8 ይመታል፣ ጠላቱንም ለሁለት ተራ ያጋልጠዋል፤ ተጋልጦ እያለ የሚያርፍበት ምት በግማሽ ይጨምራል። አሁን ጆ ዎርም የሚባለው ትል መጣባችሁ እንበል። ላይፉ ከ40 እስከ 44 ነው፣ በመጀመሪያ ተራው ሁልጊዜ 11 ይመታል። እጃችሁ ላይ ባሽ፣ ሁለት ስትራይክ እና ሁለት ዲፌንድ አለ።

ሁለቱን ዲፌንድ ተጫውታችሁ በቀረው ኢነርጂ በስትራይክ ብትመቱት የምታጡት 1 ላይፍ ብቻ ነው። ደህና ይመስላል። ባሽን አስቀድማችሁ ስትራይክ ብታስከትሉ ግን 8 ሲደመር 9፣ 17 መታችሁት ማለት ነው። የቀረው ደካችሁ 5 ካርድ ነው፣ ምን እንደሆነም ሳታዩት ታውቁታላችሁ፦ ሦስት ስትራይክ፣ ሁለት ዲፌንድ። ቀጣዩ ተራ ላይ ሦስቱ ስትራይክ እያንዳንዳቸው 9 እየመቱ 27 ይሆናሉ። 17 እና 27 ስትደምሩ 44። ትሉ ለሁለተኛ ጊዜ አፉን ሳይከፍት አለቀለት። በምላሹ 11 ላይፍ ከፍላችኋል፣ ውጊያው ሲያልቅ ደግሞ አይረንክላድ ይዞት የሚነሳው ሬሊክ፣ ማለትም ዙሩን ሙሉ የሚረዳው ልዩ ዕቃ፣ 6 ይመልስላችኋል።

የቱ ይሻላል? ካርታው ላይ ከፊታችሁ ባለው ነገር ይወሰናል። ቀጥሎ ማረፊያ ካለ ወይም ኤሊት የሚባለው ከባድ ጠላት ካለ መልሱ ይቀየራል። ይሄ ገና የመጀመሪያው ውጊያ ነው፣ ምንም ካርድ ሳይጨመር!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከውጊያ በኋላ ሦስት ካርድ ይቀርብላችኋል። አንዱን መውሰድ ወይም ሁሉንም መተው ትችላላችሁ። አዲስ ተጫዋች ሁልጊዜ ይወስዳል። ነጻ ነው፣ ለምን ይተዋል? ግን የምትጨምሩት እያንዳንዱ ካርድ፣ የምትፈልጉት ካርድ ወደ እጃችሁ የሚመጣበትን ተራ ያርቀዋል። ደካችሁ ውስጥ አንድ ድንቅ ካርድ ቢኖርና ሌሎቹ 34 ደግሞ "ምናልባት ይጠቅም ይሆናል" ተብለው የተለቀሙ ቢሆኑ፣ ያንን ድንቅ ካርድ በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት አታገኙትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በትክክል ይሄ ነው። እንዲያውም ሱቅ ስትገቡ ካርድ ለማስጠፋት ወርቅ ትከፍላላችሁ፤ መጀመሪያ 75፣ ከዚያ በየጊዜው ይጨምራል። ስትራይክ ለማስወገድ መክፈል መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ቆይቶ ግን ሱቁ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ በላጩ እሱ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ስል ደክ ሁሌ ትንሽ ይሁን ማለቴ አይደለም። ትልቅ ደክ የሚያሸንፍበትም ዙር አለ። የምለው፣ ካርድ ስትወስዱ "ይሄ ጥሩ ካርድ ነው ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ቀጥሎ የሚመጣብኝን ምን ያቃልልልኛል?" በሉ።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ኤሊቶች ይሄን ጥያቄ ነው በጉልበት የሚያስጠይቋችሁ። ግሬምሊን ኖብ የሚባል ግዙፍ ፍጡር አለ። ስኪል የተባለውን የካርድ ዓይነት በተጫወታችሁ ቁጥር ይናደድና ጉልበቱ ይጨምራል። ዲፌንድ ደግሞ ስኪል ነው። ያ ሁሉ "ተከላከል፣ ታገስ" እያላችሁ ያዳበራችሁት ልማድ እዚህ ጋ ይገድላችኋል፤ ቶሎ ቶሎ መምታት ብቻ ነው መፍትሔው። ላጋቩሊን ደግሞ ተኝቶ ነው የምታገኙት። ካልነካችሁት ጥቂት ተራ ይተኛል፣ ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣችኋል። ሦስተኛዎቹ ሴንትሪዎች ሦስት ሆነው መጥተው ደካችሁን በማይረባ ካርድ ይሞሉታል። የትኛው እንደሚገጥማችሁ አስቀድማችሁ አታውቁም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ የሚችል ደክ ይዞ ኤሊት ጋ መግባት ቁማር ነው። ቦሱ ግን ከምዕራፉ መጀመሪያ ጀምሮ ካርታው አናት ላይ ምስሉ ይታያል። ታይም ኢተር የሚባለው የሦስተኛው ምዕራፍ ቦስ 12 ካርድ በተጫወታችሁ ቁጥር ተራችሁን ይቆርጠዋል፤ በትንንሽ ርካሽ ካርዶች ላይ የተገነባ ደክ ይዛችሁ ምስሉን ስታዩ ገና ከሩቁ ዕቅድ መቀየር ትጀምራላችሁ።

ጌመሮች ስለዚህ ጌም ሲነሳ የማይስማሙበት አንድ ነገር አለ። አንዳንዶቹ "ዕድል ነው" ይላሉ። ጥሩ ካርድ ከመጣልህ ታሸንፋለህ፣ ካልመጣልህ ትሞታለህ። እኔ በዚህ በፍጹም አልስማማም፣ ማስረጃዬም ጌሙ ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ዙር ሲድ የሚባል መለያ ቁጥር አለው። ያንን ሲድ ለጓደኛችሁ ብትሰጡት ያው ካርታ፣ ያው ቦስ ይመጣለታል። እስቲ ሞክሩት። ሁለት ሰው በአንድ ሲድ ተጫውቶ አንዱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ግንቡን ይጨርሳል። ከዚያ ቁጭ ብሎ "አንተ ማረፊያው ጋ ምን አደረግክ?" መባባል ነው። ማረፊያ ላይ ላይፋችሁን 30 በመቶ መሙላት ወይም አንድ ካርድ ማሻሻል ትችላላችሁ። አንዱ ፈርቶ አርፏል፣ ሌላው ባሽን አሻሽሎ 10 እንዲመታ፣ ለሦስት ተራም እንዲያጋልጥ አድርጎታል። ስለ ጌም ከሚደረግ ወሬ ሁሉ እንደዚህ የሚጥመኝ የለም፣ ምክንያቱም ክርክሩ ስለ ጣዕም መሆኑ ቀርቶ ስለ ውሳኔ ይሆናል። ዕድል የሚገድላችሁ ዙር የለም አልልም፣ አለ። ግን ከምታስቡት በጣም ያነሰ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ምክር፣ ይሄን ደግሞ አጥብቄ ነው የምናገረው። ካርዶችን ከምርጥ እስከ መጥፎ በደረጃ የሚደረድሩ ዝርዝሮችን ከመጀመራችሁ በፊት አትዩ። ወዳጅ ጌመሮች በቅንነት ይልኩላችኋል፣ አውቃለሁ። ግን የጌሙ ደስታ "ይሄን ካርድ እኮ ሁልጊዜ ስተወው ነበር፣ ከዚህኛው ጋር ሲጣመር ግን..." የምትሉበት ቅጽበት ነው። ዝርዝሩ ያንን ቅጽበት ከእጃችሁ ይነጥቃችኋል። ዝርዝሩ ስለ ደካችሁ ምንም አያውቅም፣ ቀጥሎ ስለሚገጥማችሁ ቦስም አያውቅም። የመጀመሪያ ድላችሁን በራሳችሁ አግኙ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አንብቡ።

የማልወድለትም አለ። ዋቸር የተባለችው አራተኛዋ ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የመጣችው፣ ለእኔ ሚዛኑን ታዛባዋለች። ቁጣ የሚባል አቋም ውስጥ ስትገባ የምትመታውም የሚመቷትም እጥፍ ይሆናል። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፣ ግን የሚያውቃት ሰው እጅ ላይ ብዙ ውጊያ ጠላቱ ሳይተነፍስ ያልቃል፤ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ላብ የሚያፈሱበትን ነገር እሷ በቀላሉ ታልፈዋለች። ስልክ ላይ ደግሞ ጽሑፉ ትንሽ ነው፣ ካርድ በጣት መጎተቱም ሰፋ ያለ ስክሪን ላይ ሲሆን ነው የሚመቸው። ከተቻላችሁ ኮምፒውተር ላይ ተጫወቱት፣ ከባድ ግራፊክስ ካርድ አይጠይቅም። ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ግን ይደጋገማል።

የጊዜውን ነገር ግን እወድለታለሁ። ሰዓት የሚቆጥር ነገር የለም፣ ተራችሁ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ማሰብ ትችላላችሁ። ውጊያ መሃል ዘግታችሁ ብትወጡ ስትመለሱ ያንን ውጊያ ከመጀመሪያው ያስጀምራችኋል። ይሄን እንደ ማጭበርበሪያ እየተጠቀሙ አንዱን ውጊያ እስኪያሸንፉ የሚደጋግሙ አሉ። እኔ አልመክረውም። መሞት ካልቻላችሁ ምርጫው ክብደት ያጣል።

ግንቡን በሦስት ገጸ ባሕርያት ከጨረሳችሁ በኋላ ሌላ በር ይከፈታል። አራተኛ ምዕራፍ፣ ልብ የሚባል ቦስ። ለመድረስ ሦስት ቁልፍ ያስፈልጋል። አንዱ ማረፊያ ላይ ማረፍንም ማሻሻልንም መተው ይጠይቃል። ሌላው ከሣጥን ሬሊክ መተው ነው። ሦስተኛው የተጠናከረ ኤሊት ማሸነፍ። አያችሁ አይደል? እዚህም ዋጋው መተው ነው። ይሄን ያሰበ ሰው ጌሙ ስለምን እንደሆነ በደንብ ገብቶታል። አሴንሽን የሚባሉ 20 የክብደት ደረጃዎችም አሉ፣ 20ኛው ላይ በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሁለት ቦስ ተከታትሎ ይመጣል። እዚያ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም። እንደ እኔ ከ5 እስከ 10 ያሉት ደረጃዎች ሳያማርሩ የሚያሳስቡ ናቸው።

ለማን አልመክረውም? ታሪክ ለሚፈልግ ሰው አልመክርም። እየሞቱ መጀመርን ከታሪክ ጋር ለሚፈልግ ሄዲስ አለለት፤ እዚያ ሞት ራሱ ታሪኩን ያራምደዋል፣ ገጸ ባሕርያቱም ስትመለሱ የሆነውን አስታውሰው ያናግሯችኋል። የእጅ ፍጥነት ለሚወድም አይሆንም።

ይሄን ወድዶ "ቀጥሎስ?" ለሚል ግን ሦስት አለኝ። ቁጥር ሲባዛና ሲያብጥ ማየት የሚያስደስተው ባላትሮን ይሞክር፣ በ2024 የወጣ፣ በፖከር ላይ የተመሠረተ፣ ሕጉን እያጣመመ የሚሄድ። ደክ መገንባቱን ወዶ ሜዳው እንዲሰፋለት የሚፈልግ ሞንስተር ትሬይን፤ እዚያ ውጊያው በባቡር ውስጥ በሦስት ፎቅ ላይ ነው። የጠላትን ሐሳብ አስቀድሞ ማየቱ የማረከው ደግሞ ኢንቱ ዘ ብሪችን። ካርድ የለውም፣ 8 በ8 የሆነ ትንሽ ሜዳ ነው፣ ጠላት የት እንደሚመታ ይታያችኋል፣ እናንተ ገፍታችሁ እርስ በርሳቸው እንዲማቱ ታደርጋላችሁ። ከሦስቱ ለእኔ ቀዳሚው እሱ ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ በአይረንክላድ ጀምሩ። ከሌሎቹ ገጸ ባሕርያት፣ ከሳይለንት በፊት፣ ከዲፌክትም በፊት። ላይፉ 80 ነው፣ ከየውጊያው በኋላም ትንሽ ይሞላላችኋል፣ ስለዚህ ለመማር ቦታ ይሰጣል። አራቱንም ጨርሳችሁ አሁንም ካልጠገባችሁ፣ ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በነጻ የለቀቁት ዳውንፎል የሚባል ተጨማሪ አለ፤ እዚያ ከክፉዎቹ ወገን ሆናችሁ ነው የምትጫወቱት።