«ከዕለቱ ጣሪያ በላይ አይከፍሉም» የሚለውን ማስታወቂያ ከማመናችሁ በፊት

በአንድ ቀን በከተማ አውቶቡስና ባቡር አምስት ጊዜ ተሳፍሬ የዕለቱን ጣሪያ፣ ማለትም በአንድ ቀን ይቆረጣል የተባለውን ትልቁን ክፍያ፣ እጥፍ ከፍያለሁ። ማታ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የባንክ ሂሳቤን ስመለከት መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። ደግሜ ደጋግሜ ሳየው ግን እያንዳንዱ ሳንቲም በደንቡ መሠረት የተቆረጠ ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ስህተትማ ቢሆን ይመለስ ነበር።

ለከተማ አውቶቡስና ባቡር በስማርት ካርድ፣ በባንክ ካርድ ወይም በስልክ የምትከፍሉ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ለጥቂት ቀናት ወደማታውቁት ከተማ የምትሄዱ ከሆነ ጣቢያው ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ተስፋ ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ሌላ ነገር አለ።

አሠራሩ በራሱ መልካም መሆኑን አልክድም። የዕለት ጣሪያ ሲባል፣ በአንድ ቀን ከካርዳችሁ የተቆረጠው ታሪፍ ተደምሮ ከተወሰነ መጠን ሲደርስ ከዚያ በኋላ ያሉት ጉዞዎች ያለ ክፍያ ያልፋሉ ማለት ነው። ስንት ጊዜ እንደምትሳፈሩ ጠዋት ተነስታችሁ መገመት የለባችሁም። የለንደኑ የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ፣ ኦይስተር፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ጀምሮ በ2005 የዕለት ጣሪያ ተጨመረለት፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች በየራሳቸው መንገድ ተከትለዋል። ችግሩ ያለው «በየራሳቸው መንገድ» የሚለው ላይ ነው።

የእኔ ቀን እንዲህ ነበር። በዚያ ከተማ ጣሪያው የሦስት ጉዞ ዋጋ ነው። ጠዋት ሁለት ጊዜ ስልኬን የካርድ ማንበቢያው ማሽን ላይ ነካ እያደረግሁ ተሳፈርኩ። እኩለ ቀን ላይ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ምን ቸገረኝ ብዬ ስልኩ ላይ የተመዘገበውን ያንኑ የባንክ ካርድ ከቦርሳዬ አወጣሁና ሦስት ጊዜ ተጓዝኩበት። ከሦስቱ በአንዱ የወረድኩበት ጣቢያ የሚከፈትና የሚዘጋ በር አልነበረውም። ማንበቢያው አንድ ምሰሶ ላይ ብቻውን ተሰቅሏል፤ ሰው ከኋላ እየገፋኝ ሳላየው አለፍኩ። ማታ የተቆረጠውን ልንገራችሁ፦ በስልኩ የሁለት ጉዞ ዋጋ፣ በካርዱ የሁለት ጉዞ ዋጋ፣ መውጫው ላልታወቀው ጉዞ ደግሞ ከፍተኛው ታሪፍ፣ እሱም በዚያ ከተማ የሁለት ጉዞ ዋጋ ያህል ነው። ድምሩ ስድስት። አንድ ነገር ይዤ ብውልና በአግባቡ ነካ አድርጌ ብወጣ ኖሮ የምከፍለው ሦስት ነበር።

እኔ በበኩሌ አንድ መንገደኛ ነኝ። ለማሽኑ ግን ሁለት ሰው ሆኜ ነው የዋልኩት። ስልክ የባንክ ካርድ ሲመዘገብበት ካርዱ ፊት ላይ የታተመውን ቁጥር አይዝም፤ ለዚያ ስልክ ብቻ የሚሰጥ ሌላ ቁጥር ይይዛል። የእጅ ሰዓትም ላይ ብትመዘግቡት እንዲሁ ሦስተኛ ቁጥር ይወጣል። ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ሂሳብ ሆኖ ሳለ የትራንስፖርቱ ሥርዓት የሚያየው ሦስት የተለያዩ ተሳፋሪዎችን ነው፤ ሦስቱም ጣሪያቸውን ከዜሮ ይጀምራሉ። ጠዋት በስልክ ጀምራችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ካርድ ከዞራችሁ የጠዋቱ ድምር ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የስልካችሁ ባትሪ እስከ ማታ እንደማይቆይ ካወቃችሁ ጠዋቱንም በካርዱ ጀምሩ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ ጓደኛን «ና በእኔ ካርድ ግባ» ማለት። አንድ ካርድ ለአንድ ሰው ነው። መግቢያና መውጫ በሚነካበት ሥርዓት አንዱን ካርድ ሁለት ጊዜ ስትነኩት ሁለተኛው ሰው እንደገባ ሳይሆን እናንተ እንደወጣችሁ ሊቆጠር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሂሳብ ሁሉ ይተረማመሳል። ቸርነቱ በሌላ በኩል ይሁን።

የከፍተኛው ታሪፍ ነገር ሰፋ ተደርጎ ቢነገር አይበዛም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። ዋጋው በርቀት በሚሰላበት ከተማ ሥርዓቱ የት እንደገባችሁና የት እንደወጣችሁ ሁለቱንም ማወቅ አለበት። አንዱ ከጎደለው ራቅ ያለ ቦታ እንደሄዳችሁ ቆጥሮ ከፍ ያለውን ይቆርጣል። ይህን ማንም ይረዳዋል። የማይነገረው ቀጣዩ ነው፦ ለንደንን በመሰሉ ከተሞች ይህ ከፍተኛ ታሪፍ ወደ ዕለቱ ጣሪያ አይደመርም። ከጣሪያው ውጭ ለብቻው ቆሞ ይከፈላል። ጣሪያው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ እንኳ «ከእንግዲህ ነጻ ነው» ብላችሁ ሳትነኩ ብትወጡ ሊመጣባችሁ ይችላል። እናም በሩ ተከፍቶ ብታገኙትም፣ ሠራተኛው «እለፉ» ቢላችሁም፣ ማንበቢያውን ፈልጋችሁ ነካ አድርጉ፤ ድምፁን ስሙ፣ መብራቱንም እዩ።

«ቀን» የሚሉትም የእናንተን ቀን አይደለም። ለንደን ውስጥ የታሪፉ ቀን የሚጀምረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሲድኒ ውስጥ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ይህኛው እንዲያውም ለተሳፋሪው ይጠቅማል፤ አምሽታችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብትመለሱ ጉዞው ገና የትናንት ነው። በማለዳ አውሮፕላን የሚሄድ ሰው ግን ከዚያች ሰዓት በፊትና በኋላ ቢሳፈር ሁለት ቀን ይቆጠርበታል። በሳምንት ተደምሮ የሚታየው የሳምንቱ ጣሪያ ከዚህ የባሰ ነው። ሲድኒ ውስጥ ሳምንቱ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው፤ ለንደንም እንዲሁ። ሐሙስ ገብታችሁ ረቡዕ ብትወጡ ሰባት ቀን ሙሉ ስትጓዙ ውላችሁ የሳምንት ጣሪያ የሚባል ነገር ሳይነካችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ ቆይታችሁ ለሁለት ሳምንት ተቆርጧልና። ኒውዮርክም ሲጀምር ከሰኞ እስከ እሑድ ነበር፤ በኋላ ግን ሰባቱን ቀን መጀመሪያ ከነካችሁበት ዕለት አንስቶ መቁጠር ጀመረ። ይህ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ኒውዮርክ የዕለት ጣሪያ የለውም፤ ከ12 ጉዞ ገደማ በኋላ የሚሠራ የሳምንት ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቀን ውላችሁ የምትመለሱ ከሆነ «ጣሪያ አለው» የሚለው ወሬ ለእናንተ ምንም አይደለም።

ከጣሪያው ሥር ምን ምን እንደሚገባም ጠይቁ። አንዱ ካርድ ሁሉም በር ላይ ስለሠራ ሁሉም ጉዞ ጣሪያው ሥር ይመስላችኋል። አይደለም። ከሂትሮው አየር ማረፊያ ወደ ለንደን የሚወስደው ፈጣኑ ባቡር ያንኑ ካርድ ይቀበላል፤ ዋጋው ግን ከዕለቱ ጣሪያ ውጭ ነው። በሲድኒ አየር ማረፊያ ጣቢያዎች የሚጠየቀው ተጨማሪ የመግቢያ ክፍያም በዕለቱ ጣሪያ አይካተትም። አየር ማረፊያ ላይ ደክሞት ሻንጣ የሚጎትት ሰው ደግሞ ደቃቅ ጽሑፍ እንደማያነብ ሻጩም ያውቃል።

ከባንክ ካርድና ከስልክ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በቀድሞው ዓይነት የትራንስፖርት ካርድ ገንዘቡም የዕለቱ ድምርም ካርዱ ውስጥ ባለችው ቺፕ ላይ ይጻፋል፤ በሩ በዚያው ቅጽበት አስልቶ ይቀንሳል። በባንክ ካርድ ስትነኩ ግን ለንደንን በመሰሉ ከተሞች በሩ የሚመዘግበው ሰዓቱንና ቦታውን ነው። ሌሊት ማዕከል ያለው ኮምፒውተር የቀኑን ንክኪ ሁሉ በተራ ደርድሮ ጉዞ ያደርገዋል፣ ጣሪያውን ይመለከታል፣ ለባንኩ አንድ ድምር ይልካል። ስለዚህ ቀን ላይ ሂሳባችሁ ውስጥ የምታዩት ትንሽ ገንዘብ ካርዱ መሥራቱን ለማረጋገጥ የተያዘች ልትሆን ትችላለች፤ እሷን አይታችሁ አትጩኹ። የመጨረሻውን ድምር ግን ሳትመረምሩ አትለፉት። ባንኩ የሚያሳያችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የትኛው ጉዞ ስንት እንደተቆረጠበት ለማየት በትራንስፖርት ድርጅቱ ድረ ገጽ ካርዱን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እኔ ያስመዘገብኩት ከተበላሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሞኝነቴ። ከዚያ ቀን በኋላ ጣሪያ የሚባለውን ነገር ጠልቼ በማግስቱ ከማሽኑ የቀን ቲኬት ገዛሁ። ማሽኑ ራሱ ነው መጀመሪያ ያቀረበልኝ፤ ስክሪኑ ላይ በትልቁ፣ በደማቅ ቀለም፣ «ለጎብኚዎች ተመራጭ» ብሎ። ዋጋው የአራት ጉዞ ያህል ነበር። አስቡት፣ ጣሪያው የሦስት ጉዞ ዋጋ በሆነበት ከተማ! ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘኝና ሁለት ጊዜ ብቻ ተሳፍሬ ማረፊያዬ ተመለስኩ። በካርዱ ብሄድ የሁለት ጉዞ ዋጋ ብቻ እከፍል ነበር። ቀን ሙሉ ብዞር እንኳ ከሦስት አላልፍም። ቲኬቱ በየትኛውም መንገድ አያዋጣም ነበር፤ ያም ሆኖ ማሽኑ በኩራት ይሸጠዋል። ለንደን ውስጥ እንኳ በማዕከላዊ ዞኖች (ከተማው ለታሪፍ በተከፋፈለባቸው የመሃል ክፍሎች) ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው የወረቀቱ የቀን ቲኬት ከካርዱ የዕለት ጣሪያ ይወደዳል። የቀን ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የካርዱ የዕለት ጣሪያ ስንት ነው?» ሻጩ ቁጥሩን ካልነገራችሁ ቲኬቱን ተዉት።

ከተመለስኩ በኋላ ለድርጅቱ ጻፍኩ። የጉዞዎቹን ሰዓትና የጣቢያዎቹን ስም ዘርዝሬ፣ መውጫዬን የት እንደነበረ አስረድቼ ላክሁ። በ10 ቀን ውስጥ መልስ መጣ። ያልነካሁበትን ጉዞ አስተካክለው ልዩነቱን መለሱልኝ፤ ይህን ያህሉን አመሰግናለሁ፣ እናንተም ከደረሰባችሁ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ። የስልኩንና የካርዱን ጉዳይ በተመለከተ ግን ደብዳቤው አንድ መስመር ብቻ ነበረው፦ «ሁለት የተለያዩ የክፍያ መንገዶችን ስለተጠቀሙ የዕለቱ ጣሪያ ለየብቻ ተሰልቷል።» የቀን ቲኬቱን ደግሞ አልጠየቅኋቸውም፤ እሱን የገዛሁት በገዛ እጄ ነው።