«ፒዩር ፐርሺያ ነው»፦ ከሐዋሳ ለገጣፎ የመጣች ድመት

አንዲት የፐርሺያ ግልገል (ረጅም ፀጉርና ደፍጣጣ አፍንጫ ያላት የድመት ዝርያ ናት) ከሐዋሳ በስልክ ተገዝታ ለገጣፎ መጣች። በዚህ ጉዞ ለተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች ነጥብ ስጡ ብንባል፣ ቤት ድረስ ለመጣው የእንስሳት ሐኪም ሙሉውን፣ ግልገሏን ላደረሰው ሾፌር ግማሹን እንሰጣለን። ሻጩ የሚያገኘው ለፎቶ አነሳሱ ብቻ ነው። ሻጩ ሐዋሳ፣ ገዢው ለሦስት ሳምንት ፈቃድ ከውጭ የገባ ሰው፣ የወላጆቹ ቤት ከአያት ሰፈር አልፎ ለገጣፎ ነው። መሐል ላይ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። በግ የሚገዛ ሰው ጀርባውን ዳሶ፣ ጥርሱን ገልጦ ነው፤ ድመት ከሩቅ የሚገዛ ግን በስልክ ስለሚገበያይ በስልክ የሚታየውንና የማይታየውን ለይቶ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ማስታወቂያው እንደ ልማዱ «ፒዩር ፐርሺያ፣ ሰማያዊ ዓይን፣ 3 ወር የሞላት» ይላል። ሦስቱ አብረው ሲመጡ መጠርጠር ነው። የድመት ልጅ ሁሉ፣ የሰፈራችን ሚሚ ሳትቀር፣ ሰማያዊ ዓይን ይዛ ነው የምትወለደው። ቀለሙ መለወጥ የሚጀምረው ከ6 ወይም ከ7 ሳምንት በኋላ ነው። ስለዚህ ዓይኗ አመድማ ሰማያዊ የሆነ «የ3 ወር» ግልገል ብዙ ጊዜ ገና ከእናቷ ጡት ያልወረደች ናት። ሰማያዊነቱ የሚዘልቀው ፊታቸው፣ ጆሯቸውና ጅራታቸው ጠቆር ባሉት «ፖይንት» በሚባሉት እና በአንዳንድ ነጫጭ ድመቶች ላይ ነው። ነጯ ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሰማያዊ ከሆኑ ነጫጭ ድመቶች ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት አይሰሙም። በቪዲዮ ጥሪ፣ ግልገሏ ፊቷን ባዞረችበት ሰዓት ሻጩ ከኋላዋ ቁልፍ ያቅጨልጭል። ወለል መምታት አይሠራም፤ ንዝረቱ በመዳፏ ይደርሳታል።

ዕድሜን የሚያጋልጠው የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ጤነኛ ግልገል ስትወለድ 100 ግራም አካባቢ ትመዝናለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ 100 ግራም ያህል ትጨምራለች። በ12 ሳምንቷ ከ1.2 እስከ 1.4 ኪሎ መድረስ አለባት። 700 ግራም የምትመዝን «የ3 ወር» ግልገል ወይ የሰባት ሳምንት ናት፣ ወይ ታማለች፤ ሁለቱም አይገዙም። ሚዛን የለኝም የሚል ሻጭ ባለሱቅ ጎረቤት አያጣም። ቀጥሎ አፏ ይከፈት። የወተት ጥርሶች 26 ናቸው፣ ሁለት ወር ሲሞላት ሁሉም ወጥተዋል። የኋላዎቹ ገና ድድ ውስጥ ከሆኑ ንግግሩ እዚያው ያልቃል።

ከዚያ ሻጩ የማይወዳቸው ሦስት ቪዲዮዎች ይጠየቁ፦ ስትበላ፣ አፏን ዘግታ ስትተነፍስ ከቅርብ ድምፅ ጋር፣ እና ጅራቷ ተነስቶ ከኋላ። የመጀመሪያው የምግብ ፍላጎቷን፣ ሁለተኛው የአፍንጫዋን ቀዳዳ ጥበት፣ ሦስተኛው ተቅማጥ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ፐርሺያ አፍንጫዋ ደፍጣጣ ስለሆነ ትንሽ ማንኮራፋቷ አይደንቅም፤ አርፋ ተኝታ ሆዷ እየተሳበ የምትተነፍስ ከሆነ ግን ከሐዋሳ 1,700 ሜትር ከፍታ ተነስታ ከ2,400 ሜትር በላይ የሆነው የለገጣፎ ስስ አየር ላይ ስትደርስ ይብስባታል።

«ወረቀት አለው» የሚለውስ? የዘር ሐረግ ወረቀት የሚያወጡት የድመት ዝርያ መዝጋቢ ድርጅቶች የታወቁ ናቸው፦ በ1906 የተመሠረተው ሲኤፍኤ፣ በ1949 የተመሠረተው ፊፌ፣ በ1979 የተመሠረተው ቲካ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እውነተኛው ወረቀት የምዝገባ ቁጥር፣ የአርቢው ቤት ስም፣ የእናትና የአባት ስም ከነቁጥራቸው እና ቢያንስ የሦስት ትውልድ ሐረግ አለው። ቁጥሩን ለድርጅቱ በኢሜይል ልኮ ማጣራት ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው «ሰርተፍኬት» ግድግዳ ከማስጌጥ አያልፍም። ወረቀት የሌላት ድመት መጥፎ ናት ማለታችን አይደለም። ያለ ወረቀት የወረቀት ዋጋ መጠየቅ ነው ነውሩ።

ከወረቀቱ ይልቅ ገንዘብ የሚያስቆጥበው የኩላሊት ጉዳይ ነው። ፐርሺያዎች ፒኬዲ የሚባል በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት የውኃ ከረጢት በሽታ ይበዛባቸዋል። ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ብቻ ቢኖርበት እያንዳንዷ ግልገል የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ድመቷ ለዓመታት ደህና መስላ ትኖርና በኋላ ኩላሊቷ ይደክማል። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና በዲኤንኤ ይለያል። ናሙናው ወደ ውጭ ስለሚላክ ከውጭ ለሚመጣ ሰው እንዲያውም ይቀለዋል፤ መውሰጃውን ይዞ መጥቶ ይዞት መመለስ ነው። የወላጆቿን ውጤት ያላሳየ ሻጭ ፊት ዋጋ ለመከራከር ጥሩ ምክንያት ይሄ ነው።

ክፍያ ላይ ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ በባንክ ሲላክ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «ለፐርሺያ ድመት ቀብድ፣ በሐኪም ከታየች በኋላ ቀሪው ይከፈላል» ተብሎ ይጻፍ። ያቺ አንዲት መስመር ኋላ ላይ ከሻጩ ጋር ሽማግሌ ፊት ቢቀመጡ ከሙሉ የስልክ ንግግር ትበልጣለች። የብሩን መጠን አንጽፍም፤ እስኪነበብ ይለወጣል።

ሾፌሩ ግማሽ ነጥብ ያገኘው በሰዓቱ ስላደረሳት ነው። ግማሹን ያጣው በካርቶን ስላመጣት። ካርቶን ሽንት ሲነካው ሥሩ ይለሰልሳል፤ ከሻሸመኔ በኋላ ሥሩ ተበስቶ መኪና ውስጥ የጠፋች ድመት ፍሬን ፔዳል ሥር ነው የምትደበቀው። የሚያስፈልገው ጠንካራ የፕላስቲክ ማጓጓዣ ነው፤ በሩ የብረት ፍርግርግ፣ ብሎኖቹ የጠበቁ፣ ውስጡ አሮጌ ፎጣ፣ ከፎጣው ሥር የሕፃን ዳይፐር ተዘርግቶ። ግልገሏ ከጉዞው ሦስት ወይም አራት ሰዓት በፊት ምግብ ይቁምባት፣ ውኃ ግን አይከልከል። ማጓጓዣው ሞተር የሚያሞቀው ወለል ላይ ወይም ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አይቀመጥ። ባቱና ሞጆ አካባቢ ቀትር ላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ ንጋት ላይ መነሣት ይሻላል። ውሻ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ልማዱ ነው። ድመት አፏን ከፍታ ካለከለከች ግን አደጋ ላይ ናት፤ መኪናው ይቁም፣ ጥላ ይፈለግ፣ መዳፎቿና ጆሮዎቿ በእርጥብ ጨርቅ ይነካኩ።

ለገጣፎ ስትደርስ አንድ ክፍል ለብቻዋ ለ14 ቀን። ምክንያቱ ሁለት ነው። ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ከገባ በኋላ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይታያል፦ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ ውኃው ላይ ጎንበስ ብሎ አለመጠጣት። ቫይረሱ ወለል ላይ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ አልኮልም ኦሞም አይገድለውም። በረኪና ይገድለዋል፤ በ1 ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር፣ ወለሉ መጀመሪያ ታጥቦ፣ አሥር ደቂቃ ሳይጠረግ ይቆይ። ሁለተኛው ጭርት ነው። ፀጉረ ረጃጅሞቹ በተለይ ይይዛቸዋል፣ ከነሱ ወደ ልጅ ልጆች ክንድ ይሻገራል። ጆሮዋ ጫፍና አፍንጫዋ ዙሪያ ክብ የተመለጠ ቦታ ካለ ሐኪሙ ሳያያት ማንም አይቀፋት።

የቡና ሰዓት ስትሆን በሩ ይዘጋ። የከሰልና የዕጣን ጭስ ደፍጣጣ አፍንጫ ላይ ይጨክናል፤ ዓይኗ ማልቀሱን ድመቷ አዝና ነው የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ፣ ጭሱ ነው።

ሐኪሙ ሙሉ ነጥብ ያገኘበትን ቅደም ተከተል እንናገር፤ ሌላ ሐኪም የሚጠራም በዚሁ ሊመዝነው ይችላል። መጀመሪያ መዘናት። በከተማው ዳር ያሉ ሐኪሞች ብዙዎቹ እጃቸው የፈታው በላምና በበግ ነው፤ መድኃኒት በዓይን ገምቶ መስጠት ለላም ይሆን ይሆናል፣ 1.2 ኪሎ ለምትመዝን ነገር አይሆንም። ቀጥሎ በረዶ ያለበትን ሣጥን ከፍቶ ቴርሞሜትሩን አሳየ፤ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሐል መቆየት አለበት። ደረቁን ዱቄት በፈሳሹ በጥብጦ ወዲያው ቆዳ ሥር ወጋ። ከብልቃጡ ላይ ተለጣፊውን ልጦ ደብተሩ ላይ ለጠፈ፦ ስም፣ የምርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን። ተለጣፊ የሌለው፣ «ተከትባለች» ተብሎ በእስክርቢቶ ብቻ የተጻፈ ደብተር እንዳልተከተበች ይቆጠር፤ የሻጩ ደብተር እንዲያ ነበር። ከቁንጫ መድኃኒት ደግሞ ለውሻ የተሠራው አይነካካት፤ ፐርሜትሪን ያለበት ድመት ይገድላል። ፓራሲታሞልም እንዲሁ፣ ግማሽ ፍሬ እንኳ።

አሁን ወደ ቀን ቆጠራው። ድመቷን ይዞ ወደ ውጭ መመለስ ለሚያስብ ሰው ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመግባት በመጀመሪያ 15 አሃዝ ያለው ማይክሮቺፕ (ቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) ይተከላል። ከቺፑ በፊት የተሰጠ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አይቆጠርም። ክትባቱ 12 ሳምንት ሲሞላት ነው፣ ቫይረሱ ሕይወት ያለው መሆን የለበትም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል፤ ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ተለይቶ ቀዝቅዞ ኅብረቱ ወደ ፈቀደው ላብራቶሪ ይላካል። ውጤቱ፣ ማለትም በደሟ ያለው የበሽታው መከላከያ መጠን፣ ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ከዚያም ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ። በኛ ካላንደር ሒሳቡ ያምራል፦ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 የተከተበች ግልገል ደሟ ከጥር 5 በፊት አይወሰድም፣ ከሚያዝያ 5 በፊት አትሳፈርም። ያኔ ሰባት ወር ሊሞላት ነው። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ለዚህ አይበቃም፤ እንግሊዝም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። አውስትራሊያ በቀጥታ ከኢትዮጵያ አትቀበልም። ካናዳ ከሦስት ወር በላይ ለሆነች ድመት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈ የክትባት ማስረጃ ይበቃታል። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ከድመት የእብድ ውሻ ክትባት አትጠይቅም፤ የሚገቡበት ግዛትና አየር መንገዱ ግን ሊጠይቁ ይችላሉ። ደፍጣጣ አፍንጫ ያላቸውን ዝርያዎች በጭነት ክፍል የማይወስዱ አየር መንገዶች ብዙ ስለሆኑ ይህ ከቀብድ በፊት ይጠየቅ።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን አንዲት መስመር ናት። ሐኪሙ ደብተሩ ላይ «5/4/2018» ብሎ ጻፈ እንበል። እኛ ታኅሣሥ 5 እንላለን። ፍራንክፈርት ያለው ተቆጣጣሪ 5 ኤፕሪል 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ድመቷ ሳትወለድ የተከተበች፣ ክትባቷም ያለፈበት ይሆናል። ደብተሩ ላይ የሚጻፈው 14/12/2025 ነው፣ ወሩ በፊደል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። የኛው ሐኪም ሳይነገረው ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፈ፤ ሙሉ ነጥቡ በዋናነት ለዚህ ነው። የመጨረሻው የጤና ምስክር ወረቀት ከመንግሥት ሐኪም የሚወጣው ለመግቢያው 10 ቀን ሲቀር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ቀድሞ ከሄደ ድመቷ ከሱ ጉዞ በ5 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ከወከለው ሰው ጋር መድረስ አለባት፤ ካለፈ የንግድ ጭነት ተብላ ሌላ ሕግ ውስጥ ትገባለች። ሚያዝያ ላይ ሊወስዳት ራሱ የማይመለስ ሰው ለወላጆቹ ይተዋት።

ለወላጆች ከተተወች፣ የድመት አሸዋ ሲያልቅ ሰጋቱራ እንዳይተካ ይነገራቸው፤ ረጅም ፀጉር ላይ ተጣብቆ ቤቱን ይዞራል። በወንፊት የተነፋ ደረቅ የግንባታ አሸዋ ይሻላል፣ ለገጣፎ ደግሞ አሸዋ ሞልቷል። በብረት ማበጠሪያ በየቀኑ ብብቷ፣ ከጆሮዋ ኋላና ታፋዋ ይበጠር። የተቋጠረው በመቀስ አይቆረጥ፤ ቆዳዋ ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚወጣ አብሮ ይቆረጣል። በር ላይ የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ግቢው አይግባ፣ ጎረቤትም ይለመን፤ የተመረዘ አይጥ የበላች ድመት እሷም ትሞታለች።

ሽሮ በእንጀራ ትበላለች፣ ግን አይበቃትም። ታውሪን የሚባለውን ከሥጋ ነው የምታገኘው፤ ሲጎድላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ሁዳዴ ላይ ሉካንዳ ሲዘጋ ወላጆች «እሷም ትጹም» ብለው ይስቃሉ፤ ግማሹ ቀልድ አይደለም። ለአንድ ትልቅ ድመት ደረቅ ምግብ በቀን 60 ግራም ቢያዝ ለ55 ቀን 3.3 ኪሎ ነው፤ ሁለት ባለ 2 ኪሎ ከረጢት ከቅበላ በፊት ገዝቶ፣ አይጥ በማይደርስበት ክዳናም ባልዲ ማስቀመጥ።