የመርካቶና የቢሾፍቱ የአህያ ሕክምና፦ ከመድኃኒቱ በፊት ኮርቻው

መጫኛው ተፈትቶ ጆንያው ሲወርድ ከአህያዋ ጀርባ ላይ ፀጉርና ቆዳ አብሮ ይነሳል። ጫንቃዋ ላይ የስኒ አፍ የሚያህል ክብ ቁስል፣ ከጅራቷ ሥር ደግሞ የናይለን ገመድ የቆረጠው ቀይ መስመር አለ። የአህዮች በጎ አድራጎት ድርጅት የሆነው ዘ ዶንኪ ሳንክችዋሪ በነጻ ከሚያክማቸው ጉዳቶች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው።

ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ አገር፣ ዴቨን ውስጥ ያቋቋሙት ኤልሳቤት ስቬንድሰን ናቸው። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ለዓመታት ሠርቷል፤ መርካቶ አካባቢም ጭነት ለሚያመላልሱ አህዮች አገልግሎት ሰጥቷል።

ከሥራው ሁሉ የምናደንቀው የቁስሉን ምንጭ መፈለጉን ነው። ቅባት መቀባት ማንም ይችላል፤ ያው ኮርቻ ነገ ተመልሶ ከተጫነ ግን የዛሬውን ልፋት ውሃ በላው። ለዚህ ነው ባለቤቶች ስለ መጫኛ ዕቃ እንዲማሩ የሚደረገው። ዋናው ነገር የአከርካሪ አጥንቱ ላይ ምንም እንዳያርፍ ነው። ጭድ የተሞሉ ሁለት ወፍራም ትራሶች ግራና ቀኝ ይደረጉና በመካከላቸው አራት ጣት የሚያስገባ ቦይ ይተዋል። አንድ ወጥ ትራስ ከተነጠፈ ክብደቱ አጥንቱን ይጫነዋል፤ እዚያ ላይ የሚመክት ሥጋ የለም። የማዳበሪያ ጆንያ ላብ አይመጥም፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል፤ ስለዚህ ከሥር ያረጀ ጋቢ ወይም ሌላ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። ጭዱም ይቀየር፤ ተጠቅጥቆ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይቆረቁራል።

የአገራችን አህያ በአብዛኛው ከ100 እስከ 130 ኪሎ ትመዝናለች። የሚመከረው ጭነት የክብደቷ አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ማለትም ከ35 እስከ 45 ኪሎ ነው። ኩንታል ስንጭንባት የራሷን ያህል እያሸከምናት ነው።

ቁስል ቤት ውስጥ ለማጠብ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ላይ 9 ግራም፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ይበቃል። የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስና በጋለ ብረት መተኮስ ጤነኛውን ሥጋ ጭምር ስለሚገድሉ ቁስሉን ያሰፉታል። እባካችሁ ይቅሩ።

ብዙ አህያ የሚሞተው ግን ዝም ስላለች ደህና ናት ተብሎ ነው። ፈረስ ሆዱን ሲያመው ይንከባለላል፤ አህያ ጆሮዋን ጥላ ትቆማለች። መብላት ስታቆም ሰውነቷ ስቡን ወደ ደም ይለቀዋል፣ ጉበቷ ይጎዳል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አንድ ቀን ሙሉ ያልበላች አህያ «ነገ ይሻላታል» አይባልላትም። ሰኮናም ከ6 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ይስተካከል፤ ከፈረስ ሰኮና ይልቅ ቀጥ ያለ ስለሆነ በፈረስ ልክ አይቆረጥም።

አገልግሎቱ የሚያጥረው እረፍት ላይ ነው። ጥልቅ የጀርባ ቁስል ለሳምንታት ጭነት ሊነካው አይገባም። ሁለት አህያ ያለው ያፈራርቃል፤ የዕለት እንጀራው በአንዲት አህያ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ግን ነጻ መድኃኒት ብቻውን አያሳርፈውም።

ድርጅቱ የአህያ ቆዳ ንግድንም አጥብቆ ይቃወማል። በ2009 ዓ.ም. የቢሾፍቱው የአህያ ቄራ ከሕዝብ ተቃውሞ በኋላ ተዘግቷል፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲታገድ ወስኗል።

ወደ ሕክምና ስትሄዱ አህያዋን ያለ ጭነት ንዷት፤ ኮርቻውንና መጫኛውን ግን ያዙ፣ ሐኪሙ ከቁስሉ ጋር ያስተያያቸዋል። ጅብ ነክሷት ከሆነ ማንም ሳይነካት ቀድማችሁ ተናገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ስላለ፣ ቁስሉን በባዶ እጁ የነካ ሰው እጁን በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።