ባርቤል ወይስ ዳምቤል? ለጀማሪ የሚሻለው

ባርቤል በሁለት እጅ የሚያዝ፣ ጫፎቹ ላይ ሳህን (ክብ ክብደት) የሚገባበት ረጅም ዘንግ ነው፤ ዳምቤል ደግሞ በአንድ እጅ የሚያዝ አጭሩ ነው። ሁለቱም ጡንቻ ይገነባሉ። ልዩነቱ የሚጎላው ክብደት ሲጨመር ነው። መደበኛው የወንዶች ባርቤል ባዶውን 20 ኪሎ፣ የሴቶቹ 15 ኪሎ ይመዝናል፤ በየጎኑ 1.25 ኪሎ ቢታከልበት ጭማሪው 2.5 ኪሎ ብቻ ነው። ዳምቤል ግን ብዙ ጊዜ በ2.5 ኪሎ ልዩነት ስለሚደረደር፣ ከ10 ወደ 12.5 ሲታለፍ በሁለቱ እጅ በአንዴ 5 ኪሎ ይጨምራል። ከትከሻ ሽቅብ ለሚገፋ ጀማሪ ይህ የ25 በመቶ ዝላይ ነው፤ ብዙዎች እዚያ ላይ የሚቆሙትም ለዚህ ነው። በ10 ኪሎው ሦስት ዙር እየሠሩ፣ በየዙሩ ከ8 ድግግሞሽ ተነስቶ በሦስቱም 12 ሳይሞሉ አለመቀየር ይሻላል።

ለእግርና ለወገብ ባርቤል ይበልጣል፤ ዳምቤል ሲከብድ ከእግር በፊት መዳፍ ይደክማል። ባዶው ባርቤል የሚከብደው ሰው ግን አንድ ዳምቤል ደረቱ ላይ አቅፎ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ይጀምር፤ ክብደቱ ከፊት ስለሆነ ጀርባ ቀጥ እንዲል ይረዳል። ዴድሊፍትን (ባርቤልን ከወለል አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆምን) በባዶ ዘንግ ከወለል መጀመር ስህተት ነው። ትልቁ ሳህን ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዘንጉን ከወለል ከፍ ያደርገዋል፤ እሱ ከሌለ ዘንጉ በጣም ዝቅ ይልና ወገብ ይጎብጣል። ከሥር ማስደገፊያ ይደረግ።

ብቻውን በጀርባው ተኝቶ ደረት ለሚሠራ ዳምቤል ይመረጣል፤ ካቃተው ወደ ጎን ያወርደዋል። ባርቤል ደረት ላይ ሊቀር ይችላል። የደህንነት ዘንግ (የወደቀውን ባርቤል የሚይዝ የጎን ድጋፍ) ከሌለ ሳህኖቹ እንዳይወጡ የሚይዘውን መቆለፊያ አያስገባ፤ ሲያቅተው አንዱን ጎን አዘንብሎ ሳህኖቹን ያራግፋል።