አገራቸው ሳይነገረኝ የገዛኋቸው ችግኞች

ከቀለበት መንገዱ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ የችግኝ መሸጫ አለ። ታፔላ የለውም። የታክሲ ረዳቶች “አበቦቹ ጋ ወራጅ” ሲሉ እሱን ማለታቸው ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ከዚያ ዘጠኝ ችግኝ ገዛሁ፦ ጤና አዳም፣ ዳማ ከሴ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ)፣ ጦስኝ፣ ኮሰረት፣ ናና፣ ጠጅ ሳርና ኮረሪማ። አሁን መጋቢት ነው። ስድስቱ አሉ፣ ሦስቱ ሞተዋል። ሦስቱን ማን ገደላቸው የሚለውን ስድስት ወር ሙሉ ሳብሰለስል ቆይቼ፣ ጥፋቱን ለእኔና ለሻጩ እኩል አካፍዬዋለሁ።

27 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳዬ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ትሆናለች፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታታል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ይህን የምናገረው ለወሬ አይደለም፣ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

መልካሙን ላስቀድም። ችግኞቹ ንጹሕ ናቸው። ጥቁሩን ፕላስቲክ ቀድጄ ሳያቸው የሁሉም ሥር ነጭና ጤነኛ ነበር፤ ሌላ ቦታ እንደሚያጋጥመኝ ከረጢቱን ዞሮ ዞሮ ገመድ የሠራ ሥር አንድም አላገኘሁም። ዋጋውም አይከፋም፦ ጤና አዳምና በሶብላ 50 ብር፣ ኮሰረት 80፣ ሮዝመሪ 100። ኮረሪማው ብቻ 350 ነው፤ እሱ ላይ እመለስበታለሁ። የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ትሑት ነው። “ማዘር፣ እኔ ልያዝሎት” ብሎ ዘጠኙንም ታክሲ ድረስ ተሸክሞልኛል።

መደቦቹን የከፋፈለበት መንገድ በጣም አስቆኛል። ካርቶን ላይ በማርከር እየጻፈ እንጨት ላይ ሰክቷል፦ “የወጥ”፣ “የምች”፣ “የቡና”፣ “የሽታ”። ለወጥ ቤት ሰው ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት የለም። ግን በሶብላው “የወጥ” መደብ ዳር፣ ዳማ ከሴው “የምች” መደብ ላይ፣ አሥር እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። እነዚህ ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆኑ የአንድ ወገን (ከቤተሰብ የጠበበው ዝምድና፣ ጂነስ የሚባለው) ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ኦሲመም ነው የሚባሉት። አንደኛው ሽሮና በርበሬ ውስጥ ሲገባ ሌላው ተጨምቆ ግንባር ላይ ይቀባል። ልጁን ጠርቼ የሁለቱንም ግንድ በጣቶቹ መካከል እንዲያሽከረክር አደረግኩት። አይሽከረከርም፣ ይደነቃቀፋል፤ ምክንያቱም ግንዱ ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን ነው። ከዚያ ናናውን፣ ሮዝመሪውን፣ ጦስኙንም አስነካሁት። ሁሉም የናና ቤተሰብ ናቸውና ሁሉም አራት ማዕዘን። “ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?” አለ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኮሰረት እዚህ ላይ ያሳስታል። ሽታው የናና ዘመድ ነኝ ይላል፣ ቅጠሉም ፊት ለፊት ተጣምሮ ነው የሚወጣው፤ ቤተሰቡ ግን ሌላ ነው፣ ቨርቤና የሚባለው። ሳይንሳዊ ስሙ ሊፒያ አዶኤንሲስ ይባላል፣ “የአድዋው” እንደማለት። የእኛው አገር ልጅ ነው። ቅቤ ሲነጠር ኮሰረት ካልገባበት የሆነ ነገር የጎደለ የሚመስለኝ የጉራጌ ጎረቤቶቼ ያስለመዱኝ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ልጁ ለዘጠኙም ችግኝ የሰጠኝ ምክር አንድ ነበር፦ “ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጧቸው።” ለናናው ትክክል ነው፤ ናና እርጥብ መሬት ይወዳል፣ ወንዝ ዳር ቢተክሉት ሌላውን ሁሉ ውጦ ያድራል። ለጠጅ ሳሩም ብዙ ክፋት የለውም፤ ከደቡብ እስያ የመጣ ሣር ነው (ሣር ስል የምሬን ነው፣ የጤፍ ቤተሰብ)፤ ሙቀትና ዝናብ አይጠላም። ሮዝመሪን ግን እንዲህ አድርጎ ማጠጣት ማነቅ ነው። ሮዝመሪ የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ሰው ነው፦ በጋው ደረቅ፣ አፈሩ ጠጠርና ኖራ። መርፌ የመሰለ ቅጠሉም ውሃ እንዳይባክንበት የሠራው ነው። እኔ ደግሞ ከጀሪካን እየቀዳሁ፣ ለራሴ ልብስ ማጠቢያ እየቆጠብኩ፣ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት። አፈሩ ዋልካ ነበር፤ ውሃውን ይዞ አልለቅም አለ። ኅዳር ላይ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ሰው ተክል ቢጫ ሲሆንበት የሚያደርገውን አደረግኩ፦ ጨመርኩለት። በታኅሣሥ ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ የረጋ ውሃ ሸተተኝ። 27 ዓመት ያስተማርኩት ትምህርት በረንዳዬ ላይ ወደቀ።

በነገራችን ላይ ሮዝመሪ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ለብቻው ወገን ነበረው። ዲኤንኤው ተመርምሮ ሲታይ የሳልቪያ ወገን መሃል ገብቶ ተገኘና ስሙ ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ሆነ። እኔ ለተማሪዎቼ ያስጻፍኳቸው የድሮውን ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

የጦስኙ ሞት ይበልጥ አናደደኝ፣ ምክንያቱም የራሳችን ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የሚበቅለው እዚሁ ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው፦ ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ፣ ከ2200 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ተለጥፎ። ሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፔሪ ነው፤ ሺምፐር የሚባለው በ1837 እ.ኤ.አ. መጥቶ ዕድሜውን እዚሁ ተክል ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ የሞተው ጀርመናዊ ነው። ብርድ አያስፈራውም፣ ከአዲስ አበባ የባሰ ብርድ ያውቃል። የማይችለው የረጋ ውሃ ነው። ተዳፋት ላይ ያደገ ተክል እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ አያውቅማ! ከሮዝመሪው አሥር ቀን ቀድሞ ሄደ።

ጤና አዳሙ ያው የሜዲትራኒያን አገር ሰው ሆኖ ሳለ እንዴት ተረፈ ትሉኛላችሁ። በስንፍናዬ ነው፤ ጥጉ ላይ ስለነበር የጀሪካኑ ውሃ ሳይደርሰው ያልቅ ነበር። የሳይንስ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል፣ “የሐለቡ” ማለት ነው፣ የሶርያዋ ሐለብ። ቤተሰቡ የሎሚና የብርቱካን ነው። አይመስልም አይደል? ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት፤ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። የሎሚን ቅጠል አንሡ፣ ያው ነው። ነጥቦቹ ዘይት የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ናቸው፣ ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ይህን ዝምድና ያረጋገጠችልኝ ደግሞ አንዲት አባጨጓሬ ናት። ባልዲ ውስጥ ከፍሬ ያበቀልኩት ሎሚ አለኝ። ጥር ላይ ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አየሁና በጣቴ ላራግፈው ስል ተንቀሳቀሰ። ተውኩት። በሳምንቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ትንሿ ጣቴን አክሎ አገኘሁት። ስነካው ከጭንቅላቱ ጀርባ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አወጣብኝ፣ የበሰበሰ ብርቱካን ይሸታል። የሎሚውን ቅጠል ጨርሶ ሲያበቃ በመካከል ያለውን ናና፣ በሶብላና ኮሰረት አልፎ፣ ዞር ብሎም ሳያያቸው፣ ቀጥ ብሎ ጤና አዳሙ ላይ ወጣ። ማን አስተማረው? ልጁ “ማዘር፣ መድኃኒት እንርጭበት” ቢለኝም እምቢ አልኩ፤ ያንን ቅጠል ቡናዬ ውስጥ ነው የምነክረው። በእጄ ለቅሜ ታች ግቢ ያለው ሎሚ ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ማሳሰቢያ ግን መደቡ ላይ ሊጻፍ ይገባ ነበር፦ የጤና አዳም ጭማቂ ነክቶት ፀሐይ የመታው ቆዳ ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ነፍሰ ጡር ሴትም ባትጠጣው ይሻላል። “የቡና” ብሎ ካርቶን ላይ ጽፎ መሸጥ አይበቃም።

አሁን ኮረሪማው። 350 ብር። ልጁ “የበረንዳ ቅመም ነው፣ በዓመቱ ፍሬ ይሰጦታል” አለኝ። እያወቅኩ ገዛሁት፤ ረጃጅም ቅጠሉ አማለለኝ። ኮረሪማ የዝንጅብል ቤተሰብ ነው፣ እርድና ሄልም እዚያው ናቸው። ዝንጅብልና እርድ ከእስያ የመጡ ናቸው፣ ሄል የደቡብ ሕንድ ደን ልጅ ነው፣ ኮረሪማ ግን የእኛው የካፋ፣ የሸካ፣ የጋሞና የጎፋ። እናቱ ጥላ ናት። ትላልቅ ዛፎች ሥር፣ ቅጠል በበሰበሰበት እርጥብ መሬት ላይ ነው የሚያድገው፤ ፍሬውንም የሚያወጣው ከላይ ሳይሆን ከእግሩ ሥር፣ አፈሩ ላይ ነው፣ ሲበስል ቀይ ይሆናል። ገበያ የምንገዛው ደረቁ ፍሬ ላይ ያለችው ቀዳዳ የክር ናት፣ ተሰክቶ ስለሚደርቅ። እንግዲህ ይህን ተክል 2300 ሜትር ገደማ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ለከሰዓት ፀሐይና ለኅዳር ብርድ አጋለጥኩት። የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደላሰው ወረቀት ቡናማ ሆነ። መታጠቢያ ቤት አስገባሁት፣ እንፋሎት ቢያገኝ ብዬ። እዚያ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። የሞተው ጥምቀት ሰሞን ነው። ደግሞ ቢኖርም በዓመቱ ፍሬ የሚባል ነገር የለም፣ ዓመታት ነው የሚፈጀው። ይህኛው ምክር ሳይሆን ሽያጭ ነው፣ እና አልወደድኩትም።

የካቲት ላይ ተመለስኩ። ሳልቆጣ ነገርኩት፤ አንጀቴ ግን ተቆጥቶ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦ “ቲቸር፣ እውነቶን ነው። ግን ሰው ‘ውሃ አታብዛበት’ ስትለው ጥሎት ይሄዳል፤ የታመመ የሸጥክለት ይመስለዋል።” ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛ ሮዝመሪ በነፃ ልስጥዎት አለ፤ ግማሹን ከፈልኩ። በዚህኛው ዋልካውን ቀንሼ ቀይ አሽና አሸዋ ደባልቄ ተከልኩት፣ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም ጣቴን ሰክቼ ደረቅ ከሆነ ብቻ። ዛሬ 33 ቀኑ ነው፣ ሦስት አዲስ ቅርንጫፍ አውጥቷል።

ልሰናበት ስል “ቅርንፉድም ልናመጣ ነው” አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ቅርንፉድ የሞሉካ ደሴቶች ዛፍ ነው፣ ኢንዶኔዥያ፣ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት፣ ባሕር ዳር። ዘመዶቹን ከፈለገ ግን እዚሁ ሞልተውለታል፤ ወንዙ ማዶ የቆመው ባሕር ዛፍ ያው ቤተሰብ ነው፣ የዘይቱን (ጓቫ) ዛፍም እንደዚሁ፣ በልጅነታችን ምላሳችንን ያጠቆርንበት ዶቅማ ደግሞ ጭራሽ አንድ ወገን። “ዶቅማ አምጣና ሽጥልኝ፣ እገዛሃለሁ” አልኩት። ስልኩ ላይ ጻፈው።

ነጥብ መስጠት ልማዴ ስለሆነ፦ ለችግኞቹ ከ10 ዘጠኝ፣ ለምክሩ ሦስት፣ ለልጁ ጠባይ አሥር። መኪና የሌላችሁ ዘንቢል ይዛችሁ ሂዱ፤ ፌስታል ውስጥ ጎን ለጎን ሲያስተኟቸው አፈሩ ይፈስሳል። ድምብላልና እንስላል አትግዙ፤ ከቤታችሁ ዘር በትናችሁ ይበቅላል። ኮሰረቱ የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ክትፎ ቤቶቹ ጠቅልለው ያነሡታል።