ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ ወይስ ቀጥታ ዕይታ?

የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ በኩል ወደ አየር ቧንቧ ለማስገባት የድምፅ አውታሮችን ማየት ያስፈልጋል፤ ላሪንጎስኮፕ ለዚህ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። በቀጥታው ዘዴ የባለሙያው ዓይንና የታካሚው የድምፅ አውታሮች በአንድ መስመር መግጠም አለባቸው። ለአዋቂ ቁጥር 3 ወይም 4 የማኪንቶሽ ብሌድ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጎበጥ ያለ የመሣሪያው ምላጭ) በቀኝ ገብቶ ምላስን ወደ ግራ ይገፋል፤ ጫፉ ቫሌኩላ (በምላስ ሥርና በኤፒግሎቲስ፣ ማለትም በጉሮሮ ክዳን፣ መካከል ያለው ጎድጓዳ) ላይ ሲያርፍ እጀታው ወደሚያመለክትበት ይነሳል። ወደ ኋላ ከተቀለበሰ የላይ ጥርስ ሊሰበር ይችላል።

ቪዲዮው ካሜራው ብሌዱ ጫፍ አጠገብ ስለሆነ ጥግ ዞሮ ያያል። በ2023 በአሜሪካ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በወጣ ጥናት በመጀመሪያ ሙከራ የተሳካው በቪዲዮ 85፣ በቀጥታ 71 ከመቶ ገደማ ነው።

የቪዲዮው ችግር አውታሮቹ በደንብ ቢታዩም ቱቦው ሁልጊዜ አለመግባቱ ነው። በጣም የጎበጠ ብሌድ በልኩ የታጠፈ ስታይሌት (ቱቦው ውስጥ ገብቶ ቅርጽ የሚሰጠው ሽቦ) ይፈልጋል። ቱቦው እምቢ ሲል ብዙዎች ብሌዱን ይበልጥ ያስጠጋሉ፤ ስህተት ነው! ትንሽ ወደ ኋላ ሲሳብ የድምፅ አውታሮቹ ወደ ስክሪኑ የላይኛው ግማሽ ይወጣሉ፣ ለቱቦውም ቦታ ይከፈታል። የቱቦው ጫፍ ምላስን እስኪያልፍ ዓይን አፉ ላይ ይሁን፤ ስክሪን ላይ ከተተከለ ላንቃ ሊበሳ ይችላል።

ደምና ትውከት ሌንሱን ስለሚጋርዱ ሳክሽን (ፈሳሹን በመሣሪያ መምጠጥ) ይቅደም። የማኪንቶሽ ቅርጽ ያለው ቪዲዮ ብሌድ እዚህ ይሻላል፤ ምስሉ ቢጠፋ በዓይን ይቀጠላል። በሁለቱም ዘዴዎች ካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ) ሳያረጋግጥ ቱቦው ገብቷል አይባልም።